የልጆችና የወጣቶች ልብወለድ የሚያነቡ አዋቂዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕድሜያቸው ገፍቶም ለልጆች ወይም ለአፍላ ወጣቶች የተጻፈ ልብወለድ የሚወዱ ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁትን፣ እነሱን የሚያዩ ሰዎችም የሚጠይቁትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሥራና ልጆች ያሉኝ ትልቅ ሰው ነኝ። የልጆች ልብወለድ ማንበቤ ነውር አለው?

የለውም። መጽሐፉ ጀርባ ላይ የተጻፈው ዕድሜ በዋናነት የሚያገለግለው መጽሐፍ ሻጩን ነው። የት መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጠው ይነግረዋል። ለእህቷ ልጅ ስጦታ የምትፈልግ አክስትም እንዳትደናገር ይረዳታል። ከዚያ ያለፈ ሥልጣን የለውም። ማንም በር ላይ ቆሞ መታወቂያ አይጠይቃችሁም። ደግሞ ደካማ መጽሐፍ ለ9 ዓመት ልጅም ደካማ ነው። ልጅ ስለሆነ ብቻ የተሰጠውን ሁሉ መዋጥ የለበትም።

ብቻዬን ነኝ እንዴ?

ኧረ በጭራሽ። የመጻሕፍት ገበያን የሚያጠናው ባውከር የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በ2012 ያወጣው ውጤት ብዙ ሰው አስገርሞ ነበር። አሳታሚዎች ከ12 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ብለው የሚያወጧቸውን መጻሕፍት ከሚገዙት ሰዎች 55 ከመቶው 18 ዓመት የሞላቸው ሆነው ተገኙ። ትልቁን ድርሻ የያዙት ደግሞ ከ30 እስከ 44 ዓመት ያሉት ናቸው። ከሽያጩ 28 ከመቶው የእነሱ ነበር። «ለልጆቻቸው ገዝተው ይሆናላ» ትሉ ይሆናል። እሱም ተጠይቋል። 78 ከመቶ ለሚሆነው ግዢ መልሳቸው «ለራሴ ነው» የሚል ነበር።

አሳታሚዎች ይህን ቀድመው ነቅተውበታል። የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ በእንግሊዝ አገር የወጣው በ1997 ነው። በዓመቱ አሳታሚው ብሉምስበሪ ለአዋቂዎች ብሎ ሌላ እትም አወጣ። ውስጡ ያው ነው። የተለወጠው ሽፋኑ ነው። በባለ ቀለሙ ሥዕል ፋንታ ጥቁርና ነጭ የባቡር ፎቶ አደረጉበት፤ ሰውየው ወደ ሥራ ሲሄድ ባቡር ውስጥ ሳያፍር እንዲያነበው። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌ ያስቀኛል። ስንት ሺህ ሰው በይሉኝታ ብቻ ያንን ሽፋን መርጦ ገዝቷል!

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ሄደ። የሃሪ ፖተር መጻሕፍት የኒው ዮርክ ታይምስን የልብወለድ ሽያጭ ዝርዝር አናት ይዘው አልወርድም አሉ። ከዓመት በላይ እዚያው ከረሙ። የአዋቂ ልብወለድ አሳታሚዎች ቦታ አጣን ብለው አማረሩ። አራተኛው መጽሐፍ ሊወጣ ሲል፣ በ2000 ክረምት፣ ጋዜጣው የልጆች መጻሕፍትን ለብቻቸው በሌላ ዝርዝር አወጣቸው።

ታክሲ ውስጥ ሙድ ቢይዙብኝስ?

ስልካችሁ ላይ አንብቡ። ማንም አያይም። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ሚኒባስ ውስጥ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ራሱ ብርቅ ነው። ሽፋኑን አይቶ ለስንት ዓመት ልጅ እንደተጻፈ የሚመረምር ተሳፋሪ ካገኛችሁ አዋሩት፤ አንባቢ ነው ማለት ነው።

«የልጆች» እና «የወጣቶች» የሚባሉት በምን ይለያያሉ?

የአሳታሚዎች ክፍፍል ነው። ከታች በሥዕል የተሞሉት የሕፃናት መጻሕፍት አሉ። ቀጥሎ ማንበብ ገና ለለመዱ ልጆች የሚሆኑ አጫጭር ባለ ምዕራፍ መጻሕፍት ይመጣሉ። ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉት የሚጻፈውን ሚድል ግሬድ ይሉታል። ከ12 እስከ 18 ላሉት የሚጻፈው ደግሞ ያንግ አዳልት ወይም በአጭሩ ዋይ ኤ ነው።

አዋቂ አንባቢ የሚያዘወትረው ሁለቱን የመጨረሻዎቹን ነው። ባሕርያቸው ይለያያል። ሚድል ግሬድ ዓይኑ ወደ ውጭ ነው፤ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ ሰፈር፣ ጀብዱ። ዋይ ኤ ወደ ውስጥ ያያል፤ እኔ ማን ነኝ፣ ማንን ነው የምወደው፣ ከቤት ስወጣ ምን እሆናለሁ። ብዙ ጊዜ የሚተረከውም በ«እኔ» ነው። ብዙዎች የዛሬው ዋይ ኤ መነሻ አድርገው የሚጠቅሱት በ1967 የወጣውን «ዚ አውትሳይደርስ»ን ነው። ደራሲዋ ኤስ. ኢ. ሂንተን መጻፍ ስትጀምር 15 ዓመቷ ነበር። ሲታተምላት 18።

ድንበሩ ግን ልል ነው። «ዘ ሲክሬት ጋርደን» ዛሬ የልጆች ክላሲክ ነው። መጀመሪያ በ1910 በተከታታይ የወጣው ግን ለአዋቂዎች በሚታተም የአሜሪካ መጽሔት ላይ ነበር። ማርክ ሃደን በ2003 ያወጣው፣ የጎረቤት ውሻ ማን እንደገደለ የሚመረምር ልጅ ታሪክ ደግሞ በአንድ ጊዜ በሁለት እትም ነው የወጣው። አንዱ ለልጆች፣ አንዱ ለአዋቂዎች። ዊትብሬድ የተባለውን የእንግሊዝ የዓመቱ ምርጥ መጽሐፍ ሽልማትም ወሰደ። በተቃራኒውም አለ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር አሌክስ በሚባለው ሽልማቱ፣ ለአዋቂ ተጽፈው ለወጣቶችም የሚሆኑ 10 መጻሕፍትን በየዓመቱ ይመርጣል።

አዋቂ ሰው ምን ያገኝበታል?

መጀመሪያ ታሪክ። ልጅ አንባቢ ይሉኝታ አያውቅም። ከሰለቸው መጽሐፉን ጥሎ ይሄዳል። «ደራሲው ታዋቂ ስለሆነ ልታገሠው» አይልም። ስለዚህ ለልጅ የሚጽፍ ሰው በየገጹ የሚሆን ነገር ማስቀመጥ አለበት። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ መጋረጃው ቀለም መተረክ አይችልም። ከሥራ ደክሞት የመጣ አዋቂም እኮ ትዕግሥቱ ከልጅ ብዙም አይሻልም።

ሁለተኛው ቁጠባው ነው። ጥሩ የልጆች ደራሲ ትልቅ ነገር በትንሽ ቃል ይናገራል። ኢ. ቢ. ዋይት በ1952 ባወጣው «ሻርሎትስ ዌብ» ውስጥ የአሳማውን ሕይወት ያዳነችው ሸረሪት በመጨረሻ ትሞታለች። ደራሲው ሞቷን የሚነግረን በጥቂት ቀላል ዓረፍተ ነገሮች ነው። ስትሞት አጠገቧ ማንም እንዳልነበረ ይነግረንና ምዕራፉን ይዘጋል። ሙሾ የለም፣ ትንታኔ የለም። ልጁ ለሸረሪቷ አዝኖ ያነበዋል። አዋቂው ደግሞ ሰው ብቻውን የሚሞትበትን የሆስፒታል ክፍል ያስባል። አንድ ገጽ ነው፤ ሁለት መጽሐፍ ሆኖ ይነበባል።

ሦስተኛውን ለማስረዳት ሲ. ኤስ. ሉዊስን ልጥቀስ። በ1950 የወጣውን የመጀመሪያውን የናርኒያ መጽሐፉን መታሰቢያ ያደረገው ለክርስትና ልጁ ለሉሲ ነው። መጽሐፉ እስኪያልቅ ልጅቷ አደገችበት። ስለዚህ አሁን ለተረት ዕድሜሽ አልፏል፣ አንድ ቀን ግን እንደገና ተረት ለማንበብ የምትደርሺ ትልቅ ሰው ትሆኛለሽ ብሎ ጻፈላት። ነጥቡ ይህ ነው። በ13 ዓመት ከልጅነት መራቅ ስለምንፈልግ የልጅ መጽሐፍ ያሳፍረናል። በ40 ዓመት ማንም ልጅ ነህ አይለንም፤ ስለዚህ ነፃ ነን። አዋቂ መሆኑን ለማሳየት የሚጨነቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ገና ልጅ ነው።

ሁሉም በደስታ የሚያልቅ፣ ለስላሳ ነገር አይደል?

ይህን የሚለው ሰው ልጅ እያለ ያነበበውን የረሳ ነው። ካተሪን ፓተርሰን «ብሪጅ ቱ ቴራቢቲያ»ን በ1977 ያወጣችው የልጇ ጓደኛ የነበረች ሕፃን በመብረቅ ከሞተች በኋላ ነው። መጽሐፉ ውስጥም አንድ ልጅ ትሞታለች። አንባቢው ሳይዘጋጅ፣ ዱብ ዕዳ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ልክ እንደ እውነቱ።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን «ኤ ሞንስተር ኮልስ»ን ነው። ሐሳቡ የሺቮን ዳውድ ነበር። በካንሰር ታማ ሳትጽፈው በ2007 አረፈች። ፓትሪክ ኔስ ሐሳቧን ተቀብሎ ጻፈው፣ በ2011 ወጣ። እናቱ በካንሰር የምትሞትበት የ13 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ማታ ማታ አንድ ጭራቅ ይመጣበትና ታሪክ ይነግረዋል። በመጨረሻም ልጁ የራሱን እውነት እንዲናገር ያስገድደዋል። ያ እውነት ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። የታመመ ሰው ለረጅም ጊዜ ያስታመመ ማንኛውም አዋቂ ግን ያውቀዋል፤ ጮክ ብሎ ተናግሮት ስለማያውቅ ነው የሚያስለቅሰው። መጽሐፉ በ2012 የእንግሊዝን ሁለቱን ትልልቅ የልጆች መጽሐፍ ሽልማቶች አብሮ ወሰደ። ካርኔጊን ለጽሑፉ፣ ግሪናዌይን ለሥዕሉ።

አንዳንድ ሃያሲዎች «ልታፍሩ ይገባል» ይላሉ። ልክ አይደሉም?

ታዋቂው ክስ በ2014 ስሌት በተባለው የአሜሪካ የኦንላይን መጽሔት ላይ የወጣው የሩት ግራሃም ጽሑፍ ነው። ክርክሯን አሳጥሬ ላቅርበው። የዋይ ኤ መጻሕፍት መጨረሻቸው አንባቢን የሚያረካ ሆኖ ነው የሚዘጋው። የ17 ዓመት ልጅን ስሜት ሳይጠይቁ እንዳለ ይቀበላሉ። አዋቂ አንባቢ ደግሞ ያልተፈታ፣ የሚጎረብጥ ነገርም ያስፈልገዋል ነው የምትለው።

ግማሹን እቀበላለሁ። ልጅቷ አንዱን ልጅ ልምረጥ ወይስ ሌላውን እያለች 400 ገጽ የምትፈጅባቸው መጻሕፍት አሉ። በ35 ዓመት እንደዚያ ዓይነት ብቻ መደዳውን የሚያነብ ሰው ካለ፣ ትንሽ ራቅ ብለህ እይ ብለው ደስ ይለኛል። ግን እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ በአዋቂው መደርደሪያ ላይም ሞልቷል። ዘርፉን በደካማው ከለካን ምንም አይተርፍም። ፊሊፕ ፑልማን «ዚ አምበር ስፓይግላስ» በተባለው መጽሐፉ የ2001ን የዊትብሬድ የዓመቱ ምርጥ መጽሐፍ ሽልማት ሲወስድ፣ ለልጆች የተጻፈ መጽሐፍ ከአዋቂዎቹ ጋር ተወዳድሮ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። መጽሐፉ ስለ ሞት፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ሃይማኖት የሚከራከር ነው። ብዙ ሃይማኖተኛ ሰው አስቆጥቷል። ለስላሳ ነው የሚል ሰው አልሰማሁም። ሽልማቱ ስሙ ኮስታ ከሆነ በኋላ ደግሞ የ2015ን ፍራንሲስ ሃርዲንጅ «ዘ ላይ ትሪ» በተባለው መጽሐፏ ወስዳለች። እሱም ለወጣቶች የተጻፈ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ክስ ነው፤ ብዙም ሲነሳ ግን አይታይም። አዋቂዎች ገዢ ስንሆን ገበያው ወደ እኛ ያደላል። የዋይ ኤ ገጸ ባሕርያት ዕድሜያቸው ወደ 18 እና 19 እየተሳበ ነው። መጻሕፍቱ እየወፈሩ፣ ፍቅሩም እየጋለ መጥቷል። መሃል ላይ የሚቀረው የ13 ዓመቱ ልጅ ነው። ለሚድል ግሬድ ትልቅ ነው፣ ለአዲሱ ዋይ ኤ ትንሽ። ስለዚህ አንብቡ፣ ግን ልጆቹን ከራሳቸው ቤት አናስወጣቸው። ለቁንጮዎቹ የፍቅር ተከታታዮች ብቻ ሳይሆን ለ13 ዓመት ልጅ ለተጻፈውም ገንዘብ አውጡ።

ለልጄ ስገዛ ሽፋኑን አይቼ ብገዛ ይበቃል?

አይበቃም። ከላይ ባልኩት ምክንያት አሁን የአዋቂ የፍቅርና የምናብ ዓለም ልብወለዶች በጣም የሚያምር፣ ባለ አበባና ባለ ሥዕል ሽፋን ይዘው ይወጣሉ። ከሩቅ ስታዩት የልጆች ይመስላል። ውስጡ ግን የመኝታ ቤት ትዕይንት ሊሆን ይችላል። የሕትመት መረጃው ያለበትን ገጽና ሻጩ ያስቀመጠበትን መደርደሪያ እዩ። ወይም ቀድማችሁ አንብቡት፤ ጥሩ ሰበብ ነው።

እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ነገር ነበረ?

በጽሑፍ ትንሽ፣ በቃል ብዙ። ማታ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልሰው ልጅ ብቻ አልነበረም። አባት ጋቢውን ተከናንቦ ይሰማል፣ እናት ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች። የጦጣና የጅብ ተንኮል ለልጁ ሳቅ ነው። ለትልቁ የዳኛና የባለሥልጣን ወሬ ነው። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች በቃላቸው የያዙት ግጥም ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ለነገር መርቻ ይጠቅሱታል።

አባባ ተስፋዬም አሉ። ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል። በ2017 ሲያርፉ ያለቀሰው ልጆች አልነበሩም፤ አዋቂው ነበር። በየቤቱ ፕሮግራሙን ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ትልልቆቹ ከኋላ ሆነው ነበር የሚያዩት።

የተገላቢጦሹም ነበረ። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (በእኛ 1958 ዓ.ም. የወጣው) ለአዋቂ የተጻፈ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ግን ቤቱ ሙሉ ነው የሰማው። ልጅ ሆኖ በዛብህና ሰብለ ወንጌልን በወጋየሁ ድምፅ የተዋወቀ ትውልድ አለ። ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን ማንም አልጠየቀም።

የጎደለው በመሃል ያለው ነው። በአማርኛ ለትንንሽ ልጆች ተረቶች አሉ። ለአዋቂ ልብወለድ አለ። ከ10 እስከ 16 ዓመት ላለ ልጅ የሚሆን ረጅም ልብወለድ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ልጁ ከጦጣና ከአንበሳ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ወፍራሙ የአዋቂ መጽሐፍ ይዘላል። የሚዘለው ከተገኘ ነው እንግዲህ፤ ብዙው እዚያው ማንበብ ያቆማል። የትንንሾቹንም ቢሆን ያበዙት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጥተው ነው ወደዚህ ሥራ የገቡት። በሁለት ቋንቋ «ቂሉ ማሞ»ን አሳተሙ። ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት መሥርተው በአዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በአህያ ጋሪ የሚዞር ቤተ መጻሕፍትም አስጀምረዋል።

ስለ እኛ የተጻፈ የወጣት ልብወለድ አለ?

በእንግሊዝኛ አለ፤ አንዳንዱም ጥሩ ነው። ኤልዛቤት ሌርድ በወጣትነቷ ኢትዮጵያ ውስጥ ያስተማረች ብሪታኒያዊት ናት። በኋላም ተመልሳ ክልል ለክልል እየዞረች ተረት ሰብስባለች። በ2003 ያወጣችው «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» የአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ስለተገናኙ ሁለት ልጆች ነው። ማሞ የድሃ ልጅ ነው፤ ተታሎ ገጠር ለእረኝነት ይሸጣል። ዳኒ የሀብታም ልጅ ነው፤ ከአባቱ ቁጣ ይሸሻል። አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ እዚህም እዚያም «ይቺማ እንዲህ አይደለችም» ማለቱ አይቀርም። ግን ልጆቹ በሕይወት አሉ። እኔ ከማሞ ይልቅ በዳኒ አባት ላይ ብዙ ቆምኩ፤ አባት የሆነ ሰው ያንን መጽሐፍ እንደ ልጅ ሊያነበው አይችልም። ሌላው መጽሐፏ «ዘ ፕሪንስ ሁ ዎክድ ዊዝ ላየንስ» ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ ስለተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ነው።

የቤንጃሚን ዜፋንያ «ሬፊውጂ ቦይ» በ2001 ወጣ። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆነ ዓለም የሚባል ልጅ በጦርነቱ ምክንያት ከሁለቱም ወገን ይገፋል። አባቱ ሽርሽር ነው ብሎ ለንደን ይወስደውና ትቶት ይመለሳል። ልጁን ለማዳን ብሎ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ገጣሚ ለምን ሲሳይ ለመድረክ አዘጋጅቶታል። ኢትዮጵያ ያደገችው ጄን ከርትዝ በ1998 ያወጣችው «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» ደግሞ ከጎንደር ወደ ሱዳን ስለሚሸሹ ሁለት ልጆች ነው። አንዷ ቅማንት ናት። ሌላዋ ቤተ እስራኤል ናት፤ ዓይነ ስውር ነች። ያንን መንገድ በእግራቸው የሄዱ ወላጆች ያሏችሁ፣ መጽሐፉን ይዛችሁ ከእነሱ ጋር ብትቀመጡ ከመጽሐፉ የሚበልጥ ወሬ ይወጣል።

እንግሊዝኛ ለማሻሻል ይጠቅመኛል?

በጣም። የመማሪያ መጽሐፍ የማይሰጣችሁን ንግግር ይሰጣችኋል። ሰው ሲናደድ፣ ሲቀልድ፣ ሲያኮርፍ እንዴት እንደሚናገር ታያላችሁ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ታሪኩም ስለሚጎትታችሁ የማታውቁትን ቃል ዘልላችሁ ትቀጥላላችሁ። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት የሚከፍት ሰው አሥረኛ ገጽ ላይ ይተወዋል።

ለመጀመሪያ በግጥም የተጻፉ ልብወለዶችን ሞክሩ። ገጹ ላይ ያለው ቃል ትንሽ ነው፤ በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል። የጄሰን ሬይኖልድስ «ሎንግ ዌይ ዳውን» (2017) ወንድሙ በጥይት የተገደለበት ልጅ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ በሊፍት ሲወርድ ያለውን አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የሚተርከው። በየፎቁ የሞተ ሰው ይገባል። ኦዲዮቡኩን እየሰማችሁ መጽሐፉን ብትከታተሉ አነጋገሩንም ትይዛላችሁ።

እስራኤል ላላችሁ ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው። የዕብራይስጥ ጋዜጣና የአዋቂ መጽሐፍ የሚታተመው አናባቢውን የሚያሳዩት ነጥቦች ሳይኖሩበት ነው። የልጆች መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ እነዚህ ነጥቦች (ኒኩድ) አሉት። ቃሉን በግምት ሳይሆን በትክክል ታነቡታላችሁ።

ልጄ የሚያነበውን ባነብ «ትሰልለኛለች» ይለኛል። ምን ይሻላል?

አስፈቅዱት። «ስትጨርስ አውሰኝ» በሉት። ካነበባችሁ በኋላ እንደ መምህር አትጠይቁ። «ምን ተማርክበት?» የሚለው ጥያቄ ወሬውን እዚያው ይገድለዋል። ይልቅ ተከራከሩት። «ያ ጓደኛው እኔን አልተመቸኝም» በሉትና ዝም በሉ፤ ሊከላከልለት ይመጣል። ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ይህ ከምንም በላይ ያዋጣል። ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚኖርበትን ዓለም በእሱ ቋንቋ ታዩታላችሁ፣ እሱ ደግሞ ስለ መጽሐፉ በአማርኛ ለማውራት ይገደዳል። እናንተም በተራችሁ መጽሐፍ ምረጡለት።

ከየት ልጀምር?

እንደ ሁኔታችሁ። ጊዜ የለኝም የምትሉ «ሞሞ»ን አንብቡ። ጀርመናዊው ሚካኤል ኤንደ በ1973 የጻፈው ነው። ግራጫ ልብስ የለበሱ ሰዎች ከተማ ገብተው ሰውን ጊዜ ቆጥብ እያሉ ይሰርቁታል፤ የቆጠበው ሁሉ ይበልጥ ይቸኩላል። ጥበብ ያለበት አወቃቀር የምትወዱ የሉዊስ ሳከርን «ሆልስ» (1998) ያዙ። ልጆች በረሃ ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ የሦስት ዘመን ታሪክ መጨረሻ ላይ ልክ ይገጥማል፣ አንድ የተረፈ ቁራጭ የለም። ፖለቲካ የምትወዱ የሎይስ ላውሪን «ዘ ጊቨር» (1993)። መጨረሻው ግልጽ አይደለም፤ የተከፉ አንባቢዎች አሉ፣ እኔ ግን ለእሱ ስል ነው የምወደው። ምንም ቢሆን የማትቀሩበት «ትንሹ ልዑል» ነው። በ1943 ወጣ፣ በአማርኛም አለ። ደራሲው መጽሐፉን ለአንድ ትልቅ ሰው መታሰቢያ አድርጎ፣ ለዚህም ልጆችን ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚጀምረው።

የታወቁ ተከታታዮችን ከመጀመሪያ አልመክርም። ሰባት ቅጽ ውስጥ ገብታችሁ ሌላውን ሳታዩ ትቀራላችሁ።

የት አገኛቸዋለሁ?

አሜሪካ ያላችሁ የከተማችሁን ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጡና ሊቢ የሚባለውን አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ኢ-ቡክም ኦዲዮቡክም በነፃ ትዋሳላችሁ። አውሮፓም ብዙ ቦታ ይሠራል። ተፈላጊ መጽሐፍ ወረፋ አለው፤ አራት አምስት መጽሐፍ ላይ ተመዝግባችሁ ጠብቁ።

አዲስ አበባ ውስጥ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡትንም ጠይቁ። የእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ከሥር ተቆልሎ ነው የሚገኘው፤ ሻጩ ዋጋ ስለማይሰጠው ረከስ ይላል። ጎንበስ ብላችሁ ፈልጉ።

ዱባይም ሆናችሁ ደብረ ማርቆስ፣ ስልክና ትንሽ ዳታ ካላችሁ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ገብታችሁ የቅጂ መብታቸው ያለፈ መጻሕፍትን በነፃ አውርዱ። «ዘ ሲክሬት ጋርደን»፣ «አን ኦቭ ግሪን ጌብልስ»፣ «አሊስ» ሁሉም አሉ። የቆየ እንግሊዝኛ ስለሆነ አንዳንዱ ይከብዳል። ከእነሱ «ትሬዠር አይላንድ»ን አስቀድሙ። በ1881 በወጣቶች መጽሔት ላይ በተከታታይ መውጣት የጀመረ ነው፤ ስለዚህ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ እያንዳንዱም ልብ አንጠልጥሎ ነው የሚያቆመው። ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ምዕራፍ ብቻ ብላችሁ አትጀምሩ፤ ጠዋት ሥራ ካላችሁ ቅዳሜ ይሻላል።